ሽፈራው ኮንሶ ውስጥ ምሳ ነው፤ እኛ ጋ ለምን መድኃኒት ሆነ?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ አንድ ዛፍ ናቸው። "ዶክተር፣ ሞሪንጋ ለስኳር ይሆናል?" "ዶክተር፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፣ የሞሪንጋ ሻይ ልጠጣ?" "ለልጄ ገንፎ ላይ ስንት ማንኪያ ልጨምር?" አንዷ እንዲያውም ቲክቶክ ላይ ያገኘችውን ቪዲዮ ልካልኝ "ይሄ ሁሉ እውነት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ከስኳር እስከ ካንሰር፣ ከፀጉር መነቃቀል እስከ መካንነት ድረስ ሁሉንም በአንድ ማንኪያ ዱቄት ያድናል። እኔ ሰባት ዓመት ምን ስማር እንደኖርኩ ግራ ገባኝ።

እሺ፣ ዛሬ ሰፋ አድርገን እናውራበት። ጽሑፉ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ግን ቤታችሁ ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም ደም ማነስ ያለበት ሰው ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መጀመሪያ አቋሜን ልንገራችሁ። ሽፈራውን እወደዋለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ ደቡብ ነበር፤ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ በሳምንት ሦስት አራቴ በልቼዋለሁ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ዛፉን ለማጣጣል አይደለም። የምጣላው ቅጠሉን ከድስት አውጥቶ ብልቃጥ ውስጥ ከከተተው ንግድ ጋር ነው።

ስለየትኛው ዛፍ ነው የምናወራው?

ሞሪንጋ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀውና ኢንተርኔት ላይ ያለው ወሬ ሁሉ የሚወራለት የሕንዱ ሞሪንጋ ነው፤ መነሻው በሰሜን ሕንድ በሂማላያ ተራሮች ግርጌ ነው። የእኛው ግን ሌላ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። የእኛው የተፈጥሮ አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው፤ ቅጠሉ ሰፋ ይላል፣ ግንዱ ወፍራምና ውኃ የሚይዝ ነው። በአማርኛ ሽፈራው እንለዋለን (በሰው ስም የሚጠራ ዛፍ ሌላ አለን እንዴ?)፣ ጋሞና ወላይታ ሐለኮ ይሉታል። ፈረንጆቹም "የጎመን ዛፍ" የሚል ስም አውጥተውለታል፤ እውነትም ትክክለኛ ስሙ ይሄ ይመስለኛል። ጎመን ነው፤ ዛፍ ላይ የሚበቅል ጎመን።

ከአርባ ምንጭ ተነስታችሁ ወደ ኮንሶ ስትሄዱ በየግቢው፣ በየእርከኑ ጠርዝ ላይ ታዩታላችሁ። የኮንሶ እርከን በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ተራራው ሁሉ ደረጃ ሆኗል። አገሩ ዝናብ ያጥረዋል። ማሽላው አንዳንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንዳንድ ዓመት ይነሳል። ሽፈራው ግን በደረቁ ወራት ሌላው አትክልት ሁሉ ሲጠፋ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል። የዛፉ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ግን አንድም ቀን ሲነገር አልሰማሁም። ለኮንሶ ገበሬ ሽፈራው ማለት "በክፉ ቀንም ድስት ባዶውን አይጣድም" ማለት ነው።

እንዴት ነው የሚበሉት? ኩርኩፋ የሚባል ምግብ አለ። የማሽላ ወይም የበቆሎ ዱቄት ይቦካና በትንንሹ ድቡልቡል ይሠራል፣ ከዚያ ከሽፈራው ቅጠል ጋር አንድ ላይ ይቀቀላል። ቅጠሉ በቁንጥር አይደለም የሚገባው፤ በእፍኝ፣ በእፍኝ ነው። መጀመሪያ ቀን ስበላው ትንሽ መረር አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት ሳላገኘው ስቀር "ዛሬ ሐለኮ የለም እንዴ?" ማለት ጀመርኩ። እዚያ አገር "ሞሪንጋ ለምን ይጠቅማል?" ብላችሁ ብትጠይቁ የሚመልሱላችሁ "ለመብላት" ነው።

እንግዲህ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን እንይ

ይህን አባባል ሁላችሁም ሳታነቡት አልቀራችሁም፦ ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከወተት 4 እጥፍ ካልሲየም፣ ከካሮት 4 እጥፍ ቫይታሚን ኤ፣ ከሙዝ 3 እጥፍ ፖታሲየም። በየዱቄቱ ብልቃጥ ላይ ተለጥፏል።

እስቲ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ይዘት ሰንጠረዥን እንክፈት። ስለ ሕንዱ ሞሪንጋ ነው፣ ግን ማስታወቂያውም የሚያወራው ስለሱ ነው። 100 ግራም እርጥብ ቅጠል 52 ሚሊግራም ገደማ ቫይታሚን ሲ አለው፤ 100 ግራም ብርቱካን ደግሞ 53። እኩል ናቸው። ካልሲየሙ 185 ሚሊግራም ነው፤ ወተት 120 ገደማ ነው፣ ስለዚህ አንድ ተኩል እጥፍ። ፖታሲየሙ 337፣ የሙዝ 358። እንዲያውም ሙዙ ትንሽ ይበልጣል። ቫይታሚን ኤ ላይማ ካሮት ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

ታዲያ 7 እጥፍና 4 እጥፉ ከየት መጣ? አንዱ ዘዴ እንዲህ ነው፦ የደረቀውን ዱቄት ከእርጥብ ምግብ ጋር ማወዳደር። ወተት ከመቶው 88 ያህሉ ውኃ ነው። ቅጠሉ ደርቆ ውኃው ሲወጣ የቀረው ሁሉ ይጠቀጠቃል፤ 100 ግራም ዱቄት ለማግኘት ብዙ እፍኝ ቅጠል ያስፈልጋል። ወተቱንም አድርቃችሁ የዱቄት ወተት ብታደርጉት ካልሲየሙ እንዲሁ ይቆለላል። ደግሞ ማን ነው በቀን 100 ግራም የሞሪንጋ ዱቄት የሚበላው? እኔ የማውቃቸው ሰዎች በሻይ ማንኪያ ነው የሚጨምሩት። በዚያ ላይ ቫይታሚን ሲ ሙቀትና አየር የማይችል ነገር ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ "7 እጥፍ ብርቱካን" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ዱቄት ውስጥ የሌለው ነገር ቢኖር ዋናው እሱ ነው።

ይህን ስል ቅጠሉ ተራ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ ቅጠል 100 ግራሙ 9 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 4 ሚሊግራም ብረት ካለው ከአትክልት ወገን ጎበዝ ተማሪ ነው። ከጎመን ወገን የሆነ ቅጠል በዚያው ሰንጠረዥ ፕሮቲኑ 3 ግራም፣ ብረቱ ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ነው። በካልሲየም ግን ጎመን 232 ስላለው ይበልጣል። የእኛው ሽፈራው ቁጥሮች ከሕንዱ ጋር ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም፤ አፈሩ፣ ወቅቱና የቅጠሉ ዕድሜም ይለዋውጠዋል። ሲቀቀል ደግሞ ይቀንሳል፤ ለምሳሌ ቫይታሚን ሲው ከ52 ወደ 31 ይወርዳል። ቢሆንም አንድ ሳህን የተቀቀለ ሽፈራው የበላ ሰው ጥሩ ነገር በልቷል።

አሁን ወደ ማንኪያዋ እንምጣ። በብዙ ጽሑፎች የሚጠቀሰው የደረቅ ዱቄት ይዘት በ100 ግራም ፕሮቲን 27 ግራም፣ ካልሲየም 2,000 ሚሊግራም፣ ብረት 28 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት 8 ግራም ያህል ይመዝናል ብንል ፕሮቲኑ 2 ግራም፣ ካልሲየሙ 160፣ ብረቱ 2 ሚሊግራም ይሆናል። አንድ እንቁላል 6 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ አዋቂ በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም፣ የወር አበባ የምታይ ሴት ደግሞ 18 ሚሊግራም ብረት ያስፈልጋታል። ማንኪያዋ አትጠላም፤ የምትሸፍነው ግን ከሚያስፈልገው ጥቂቱን ነው። በሻይ ማንኪያ ከሆነ ደግሞ ከዚህም ሲሶው ነው።

ሻዩስ? ቅጠሉን ዘፍዝፋችሁ፣ አጥልላችሁ፣ ውኃውን ጠጥታችሁ ቅጠሉን ከጣላችሁት ፕሮቲኑና ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ብዙው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው ያለው። ከጣማችሁ ጠጡት። ግን ጎመን ቀቅላችሁ ውኃውን ጠጥታችሁ ጎመኑን እንደመጣል ቁጠሩት።

ለምንድነው ይሄ የሚያሳስበኝ?

ሰው ብሩን ዱቄት ላይ ቢያጠፋ ያው ብሩ ነው፣ ዝም ማለት እችል ነበር። ግን የማያቸው ታካሚዎች አሉ።

አንዲት እናት ነበሩ፤ ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፣ ስኳር ካለባቸው ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ሜትፎርሚን እየወሰዱ በጥሩ ሁኔታ ላይ ነበሩ። የመጡት ለስኳሩ አይደለም፤ "ጫማ እግሬን ላጠኝ" ብለው ነው። ካልሲያቸውን ሳወልቅ የቀኝ እግራቸው ትንሿ ጣት ጠቁራለች። ሕመሙ ብዙም አልተሰማቸውም፤ ስኳር ነርቩን ሲጎዳው እንደዚያ ነው። ስኳራቸው ሲለካ 480 ሆነ።

"እማማ፣ መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?"

"ተውኩት ልጄ። አራት ወር ሆነኝ። ልጄ ሞሪንጋ ያመጣልኛል፣ ጠዋት በባዶ ሆዴ እጠጣለሁ። ኬሚካል ሰለቸኝ።"

"ማን ተዉት አለዎት?"

"ማንም። በስልክ አይቼ ነው።" ትንሽ ዝም አሉና፣ "ቅጠል ምን ይጎዳል ብዬ ነው" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ቅጠሉ አልጎዳቸውም። የጎዳቸው ያቆሙት ኪኒን ነው። ኢንሱሊን ተጀመረላቸው፣ ስኳሩም ወረደ፤ ጣቷ ግን አልተረፈችም። በጣም የሚያሳዝነው ልጃቸው ነው። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ "እኔ እኮ የተሻለውን ላድርግላቸው ብዬ ነው" ይላል። ዱቄቱ ከሜትፎርሚን ይበልጥ ውድ ነበር፤ ለእናቱ ሲል ከሌላው ነገር እየቀነሰ ነበር የሚገዛው።

ሞሪንጋ ስኳር ያወርዳል ወይ? ጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው የተለያየ ነው። አንዳንዱ ከምግብ በኋላ የሚወጣውን ስኳር ትንሽ እንደሚቀንስ ያሳያል፣ አንዳንዱ ምንም ለውጥ የለውም። አይጥ ላይ የተሠሩት ብዙ ናቸው፣ እዚያ ውጤቱ ያምራል። አይጥና እናታችን ግን ይለያያሉ። ከነዚህ ጥናቶች አንዳቸውም "መድኃኒትህን ጣል" አይሉም። ምግብ ውስጥ ገብቶ ነጭ ዳቦና ፓስታ ቢተካ ግን ለስኳር ሕመምተኛ ጥሩ ነው፤ ጎመንም እንደዚያው ነው።

ደም ማነስ ላይ ያለውም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ለነፍሰ ጡር እናቶች ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጠው ኪኒን 60 ሚሊግራም ብረትና ፎሊክ አሲድ አለው። ያንን 60 ሚሊግራም ከሞሪንጋ ዱቄት ላግኝ ብትሉ በቀን ከ200 ግራም በላይ መብላት ይኖርባችኋል። ያም ቢሆን ከቅጠል የሚገኝ ብረት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ኪኒኑ ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ አውቃለሁ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት መውሰድ ብዙዎችን ይረዳል። አሁንም ካስቸገራችሁ ለአዋላጅ ነርሷ ንገሯት፣ በሌላ ዓይነት ይቀየራል። ማቆም ግን አይሆንም፤ ወሊድ ላይ ደም ሲፈስ ቀድሞ ደም ያነሳት እናት ነች ቶሎ የምትደክመው።

ሕፃናት ላይም ልጨምር። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ገንፎ ላይ ትንሽ የቅጠል ዱቄት ነስነስ ማድረግ ችግር የለውም፣ በደንብ አብስሉት። የሚያሳስበኝ ግን "ሞሪንጋ ገብቶበታል" ተብሎ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ዘይቱ፣ ሽሮው ሲቀር ነው። የልጅ ሆድ ትንሽ ነው፤ ጉልበት የሚሰጥ ነገር ይፈልጋል። ቅጠል ጉልበቱ ዝቅተኛ ነው። አንድ እንቁላል ሦስት ማንኪያ ዱቄት ያህል ፕሮቲን አለው፣ ልጁም ደስ እያለው ይበላዋል።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ሰዎች

በሳህን የሚበላው ቅጠል ለአብዛኛው ሰው ምንም አይልም። ዱቄትና ክኒን ሆኖ በየቀኑ በብዛት ሲወሰድ ግን ጉዳዩ ይለያል።

የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት እየወሰዳችሁ በላዩ ላይ ብዙ ዱቄት የምትጨምሩ ከሆነ አልፎ አልፎ ከልክ በላይ ሊወርድባችሁ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ማዞር ከመጣ ለኩ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ቫይታሚን ኬ አለውና የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንሳል። ቅጠል አትብሉ አይደለም የምላችሁ፤ ዛሬ በገፍ፣ ነገ ምንም አይሁን። መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ይመሳሰል። ኩላሊታችሁ ተዳክሞ ፖታሲየም ቀንሱ የተባላችሁ ደግሞ ዱቄቱን ተዉት።

እንቅርት ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይሄን የሚያነሳ ሰው የለም። ሽፈራው ልክ እንደ ጥቅል ጎመን፣ የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይጠቀም የሚያስቸግሩ ነገሮች በውስጡ አሉ። አዮዲን በበቂ የሚያገኝ ሰው ላይ ችግሩ ኢምንት ነው። ጨው ያለ አዮዲን በሚበላበት ቤት ውስጥ፣ ቅጠሉ ደግሞ የየዕለት ዋና ምግብ ከሆነ ግን እንቅርት ሊያባብስ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ። የታይሮይድ ኪኒን የምትወስዱ ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ውሰዱ፣ ዱቄቱን አብራችሁ አትዋጡ።

ሥሩንና የግንዱን ቅርፊት ማንም አይንካ። ነፍሰ ጡር ደግሞ ጨርሶ። ቅጠሉ ሌላ፣ ሥሩ ሌላ ነው፤ ሥሩ ውስጥ መርዛማ ነገር አለ፣ ማህፀንንም ሊያኮማትር ይችላል።

"እሺ ዶክተር፣ እንዴት ልብላው?"

አገኘኋችሁ! ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

እርጥብ ቅጠል ካገኛችሁ ቅጠሉን ከዘንጉ ለዩ (ዘንጉ ጠንካራ ነው፣ ጥርስ ውስጥ ይገባል)፣ በደንብ እጠቡ፣ እንደ ጎመን ቀቅሉ። ከጎመን ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዘይት አቁላሉት። ዘይቷን አትሰስቱ፣ ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገር ሰውነት ውስጥ የሚገባው በቅባት ነው። ምሬቱ ካስቸገራችሁ ግማሽ ጎመን፣ ግማሽ ሽፈራው አድርጉት። ከአይብ ጋር በጣም ይሄዳል። ስትበሉ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት፤ ሎሚው ብረቱን ያስገባል።

ብረቱን የሚያስወጣው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የምንወዳት ቡናችን። ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይታጠብ ቡና ይቀርባል፤ ሻይም ያው ነው። ቡናና ሻይ ከቅጠል የሚገኘውን ብረት ሆድ ውስጥ ይዘው ያስቀሩታል። ቡና አቁሙ ብል ማን ይሰማኛል፣ እኔም አላቆምኩም። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል አቆዩት፣ በተለይ ደም ማነስ ያለባችሁ።

ዱቄት ከሆነ ያላችሁ ሽሮ ላይ፣ ምስር ላይ፣ ሾርባ ላይ ጨምራችሁ አብስሉት። ስትገዙ ቀለሙን እዩ፤ አረንጓዴ መሆን አለበት። ወደ ቡናማ ካደላ ወይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል ወይ ቆይቷል። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ከሆነ ጣሉት፤ በብርሃን ፊት የተደረደረ፣ መቼ እንደተፈጨ ያልተጻፈበትንም እለፉት። ቤት የምታደርቁ ከሆነ ጥላ ሥር፣ ንፋስ ባለበት፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡትና ሲፈጭ ጨለማ ቦታ አስቀምጡ።

ቤታችሁ ብትተክሉትስ?

ይቻላል፣ ግን የት እንዳላችሁ ይወስነዋል። ሽፈራው የቆላና የወይና ደጋ ልጅ ነው። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ዝዋይ፣ ድሬዳዋ፣ አርባ ምንጭ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ። ዱባይና ጅዳ ያላችሁም ሙቀቱ አያሳስባችሁ፣ ውኃ ካገኘ ይበቅላል።

ዘሩን ማታ በውኃ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩት። ጠዋት አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ቅበሩት፤ በፕላስቲክ ከረጢት ችግኝ አድርጎ መጀመር ይሻላል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበቅላል። ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው፣ ዝናብ ሲጀምር፣ ወደ መሬት አዛውሩት። ብዙ ሰው ሽፈራው የሚገድለው በጥማት ሳይሆን በውኃ ነው። ውኃ ከቋጠረ ሥሩ ይበሰብሳል፤ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። አንድ ሜትር ያህል ሲረዝም ጫፉን ቁረጡት። ልባችሁ አይፍራ፣ ካልቆረጣችሁት ወደ ላይ እንደ ምሰሶ ይወጣና ቅጠሉን በመሰላል ትለቅማላችሁ፤ ከቆረጣችሁት ግን ወደ ጎን ይረባል፣ ቅጠሉም እጃችሁ ሥር ይሆናል። ስትለቅሙ ሁሉንም አትግፈፉት። ግቢያችሁ ፍየል የሚገባበት ከሆነ አጥሩለት፣ ፍየሎችም ጥቅሙን ያውቃሉ።

አዲስ አበባ ያላችሁስ? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የሌሊት ብርድ አይስማማውም፤ ቅጠሉን ያራግፋል፣ እድገቱም ቀርፋፋ ነው። ሰፊና ጥልቅ ባልዲ ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት ግድግዳ ሥር አድርጋችሁ ማታ ማታ ማስገባት ትችላላችሁ። ለጌጥና ለፍቅር ከሆነ ደስ ይላል። ለመብላት ከሆነ ግን እዚያው ባልዲ ውስጥ ጎመን ትከሉ። ጎመን ብርዱን ይችለዋል፣ በሁለት ወር ውስጥ ትቆርጡታላችሁ፣ ካልሲየሙም ሰውነት በደንብ የሚጠቀምበት ነው። ቆስጣም ጥሩ ነው፤ ግን ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ነገር ስላለው ለአጥንት ብላችሁ ከሆነ ጎመን ይሻላል። ጎመን በቲክቶክ አልታወቀም፣ ብልቃጥም የለውም፤ ስለዚህ የድሃ ምግብ እንለዋለን። ሽፈራውም እኮ ኮንሶ ውስጥ እንደዚያው ነበር፣ ፈረንጅ ስም እስኪያወጣለት ድረስ።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህን እያነበባችሁ "እኔም እኮ ኪኒኔን ትቼ ዱቄቱን ነው የምወስደው" ያላችሁ ካላችሁ፣ ወይም እናታችሁ፣ አባታችሁ እንደዚያ እያደረጉ ከሆነ፣ በራሳችሁ ድንገት በድርብ መጠን አትጀምሩ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ቅርባችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱና ስኳሩንም ግፊቱንም አስለኩ። ስኳር ያለበት ሰው ካልሲውን አውልቆ እግሩን ያሳይ፣ በጣቶቹ መካከል ጭምር። የዱቄቱን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ምን እንደምትወስዱ፣ ስንት ማንኪያ እንደሆነና መድኃኒቱን መቼ እንዳቆማችሁ ሳታፍሩ ንገሩት። ቢቆጣ እንኳ ዝም ብላችሁ እስኪጨርስ ጠብቁትና "አሁን በስንት ልጀምር?" በሉት። እናትና አባታችሁን ስትወስዱ ደግሞ አትቆጧቸው፣ አብራችኋቸው ግቡ።